የሞፋት ዋሻ፦ ታላቁና ታናሹ

ልጄ፣ ዛሬ የማጫውትሽ ስለ አንድ የሩቅ አገር ተራራ ነው። ሩቅ ነው ብለሽ ግን አትለፊው። አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው የሮኪ ተራራ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ዋሻዎች አሉ። በአንደኛው ባቡር ያልፋል፣ በሌላኛው ውሃ ይፈሳል። ዴንቨርና አካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ነው። ጠዋት ጀበናቸውን የሚሞሉበት የቧንቧ ውሃ በዚያ ተራራ ሥር አልፎ የመጣላቸው በመካከላቸው አሉ።

ይህን ታሪክ የመረጥኩልሽ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ትልቅ ሥራ ልትጀምሪ ተነስተሻል። ከባዱን ክፍል ለኋላ አቆይተሽ ቀላሉን ለማስቀደም እንዳሰብሽም ሰምቻለሁ። አትጀምሪ አልልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ ከመነሳትሽ በፊት፣ ለኋላ የሚባል ነገር ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይባል የለ? የእነዚህ ሰዎች ስህተት ተከፍሎበት አልቋል፤ አንቺ በነፃ ልትወስጂው ትችያለሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ዴንቨር ከቀረባት ነገር ነው። በ1860ዎቹ (ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ሲታሰብ፣ የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ መሐንዲሶች ከዴንቨር በስተጀርባ ያለውን ተራራ አይተው ተመለሱ። ሐዲዱንም በሰሜን በኩል፣ መሬቱ ለጥ ባለበት በዋዮሚንግ አሳለፉት። በ1869 ሐዲዱ ከሁለት ጫፍ መጥቶ ሲገጥም ዴንቨር ከመንገድ ውጭ ቀርታ ነበር። የከተማዋ ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ገንዘብ አዋጥተው በ1870 እስከ ሻየን ከተማ ድረስ የራሳቸውን ሐዲድ ዘረጉና ከዋናው መስመር ጋር ተገናኙ። በዚህ ሥራ ውስጥ እጃቸውን ካስገቡት አንዱ ዴቪድ ሞፋት የሚባል ወጣት ነበር።

ሞፋት በ1839 በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ዴንቨር መጥቶ መጽሐፍና የጽሕፈት ዕቃ በመሸጥ ጀመረ። ከዚያ ባንክ ገባ፤ ውሎ አድሮም የከተማዋ ትልቅ ባንክ ኃላፊ፣ የብርና የወርቅ ማዕድን ባለሀብት፣ የባቡር መስመር ባለቤት ሆነ። ሌላው ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃኛል ብሎ ያርፍ ነበር። እሱ ግን በ1902፣ ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ ከዴንቨር በቀጥታ ወደ ምዕራብ ተራራውን ሰንጥቆ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚደርስ ሐዲድ እዘረጋለሁ ብሎ ተነሳ። ለሕልሙ ክብር አለኝ። ለከተማው የቆረጠ፣ ገንዘቡንም ያልሰሰተ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ቀጥሎ የምለው ነገር እሱን ለማቃለል እንዳይመስልሽ ነው።

ጠላቶቹ ብርቱ ነበሩ። ዩኒየን ፓሲፊክን የያዘው ኤድዋርድ ሃሪማን ሌላ ተፎካካሪ መስመር እንዲከፈት አይፈልግም ነበር። ሐዲዱ ማለፍ የነበረበትን የጎር ሸለቆ የውሃ ግድብ ይሠራበታል በሚል የሚከራከር ኩባንያ መጣ፤ ክርክሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ድረስ ደርሶ ለባቡሩ ተፈረደ። ገንዘብ የሚያበድሩት የኒውዮርክ ባንኮች ግን ፊታቸውን እንዳዞሩ ቀሩ። ስለዚህ ሞፋት አብዛኛውን ወጪ ከራሱ ኪስ ያወጣ ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም በይ፤ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ነው። ሞፋት ተራራውን የሚሰነጥቅ ዋሻ እንደሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ዋሻ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ሐዲዱ ቶሎ ሥራ ካልጀመረ ደግሞ ገንዘብ አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ወሰነ፦ ለጊዜው በተራራው አናት ላይ እናልፋለን፤ ባቡሩ የድንጋይ ከሰልና ከብት እየጫነ ገንዘብ ሲያስገባ ዋሻውን እንቆፍራለን። ስሌቱን ወረቀት ላይ ስታዪው ነውር የለውም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሳልፈርምበት አልቀርም ነበር።

ያ ጊዜያዊ መንገድ በሮሊንስ በር በኩል ወጣ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,550 ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱ በየመቶ ሜትሩ አራት ሜትር ሽቅብ እየወጣ፣ በተራራው ጎን እየተጠማዘዘ፣ አንዳንዱ ቦታ ራሱን በራሱ ላይ እያቋረጠ ይወጣል። ባቡር በዚያ ዳገት ላይ ብዙ ጭነት ሊስብ አይችልም። ሁለት ሦስት ሎኮሞቲቭ ተቀጥሎም የሚያወጣው ፉርጎ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በ1904 ማለፍ ጀመሩ።

ክረምቱ ደግሞ መጣ። በአናቱ ላይ ኮሮና የሚባል ጣቢያ ነበር። በረዶው ሐዲዱን እንዳይቀብረው በላዩ ከእንጨት የተሠራ ረጅም ጣሪያ ተሸፍኗል። ጣሪያው በረዶውን ቢከለክልም የሎኮሞቲቮቹን ጭስ አፍኖ ይይዛል፤ ነጂዎቹና ከሰል ጨማሪዎቹ በሳል እየታፈኑ ነው የሚያልፉት። ከጣሪያው ውጭ ሐዲዱን የሚጠርገው ግንባሩ ላይ ትልቅ የሚሽከረከር መዘውር ያለበት የበረዶ መቁረጫ ነበር። ብዙ ሎኮሞቲቮች ከኋላ እየገፉት በረዶውን እየቆረጠ ወደ ገደሉ ይወረውራል። ጠርጎ ሲጨርስ ነፋሱ መልሶ ይሞላዋል። ባቡር ተሳፋሪ እንደጫነ ለቀናት በረዶ ውስጥ ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። መስመሩ ጭራሽ ተዘግቶ የሚከርምበትም ጊዜ ነበር።

ልብ በይ፣ ልጄ። ባቡሩ ለዋሻው መቆፈሪያ ያስገባል የተባለው ገንዘብ በረዶ ለመጥረግ ዋለ። ዋሻው ስላልተሠራ መንገዱ አያተርፍም፤ መንገዱ ስለማያተርፍ ዋሻው አይሠራም። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ነገር ዘላቂውን የሚሠራበትን ገንዘብ በላው። ከክፋት የመጣ ነገር አይደለም። የጊዜያዊ ነገር ጠባዩ ሆኖ ነው፤ መጠበቂያ ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል፣ የየዕለቱ ጩኸት ስለሆነም ከነገው ሥራ ቀድሞ ይሰማል። ያ መንገድ ሃያ አራት ዓመት አገለገለ።

ሞፋት ዋሻውን ሳያይ አለፈ። በ1911 ገንዘብ ፍለጋ ኒውዮርክ ሄዶ ሳለ እዚያው አረፈ። ያን ሁሉ ሀብት ያፈራ ሰው አብዛኛውን በተራራው ላይ ጨርሶ ነው የሞተው። ኩባንያው በዓመቱ በፍርድ ቤት ባለአደራ እጅ ገባ። ሐዲዱ በ1913 ክሬግ እስከምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰና ቆመ። ሶልት ሌክ ሲቲ አልደረሰም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ዕዳው ወደ ሕዝቡ ተሻገረ። የዴንቨር መራጮች በ1914 ለዋሻው ቦንድ እንዲሸጥ ድምፅ ሰጡ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ከተማ ከግል ኩባንያ ጋር እንዲህ ያለ ሽርክና አይገባም ብሎ ሻረው። በ1920 ደግሞ ግዛቱ በሙሉ ሦስት ዋሻ በአንድ ላይ እንዲሠራ ተጠይቆ እንቢ አለ። ከተቃወሙት ዋናዋ በደቡብ ያለችው የፑዌብሎ ከተማ ነበረች። የምዕራቡ ባቡር በእሷ በኩል ስለሚያልፍ ዴንቨር የራሷን በር ከከፈተች የፑዌብሎ ገበያ ይቀዘቅዛል።

በሰኔ 1921 የአርካንሳስ ወንዝ ፑዌብሎን አጥለቀለቃት። ብዙ ሰው ሞተ፤ የከተማዋ እምብርት ፈረሰ። ፑዌብሎ ሌላ ጎርፍ እንዳይመጣባት ወንዙን የምትገራበት ሕግና ገንዘብ ፈለገች፤ ለዚህ የግዛቱ ምክር ቤት ድምፅ ያስፈልጋታል። በ1922 ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ሲጠራ የዴንቨር ሰዎች እከክልኝ ልከክልህ አሉ። ለፑዌብሎ የጎርፍ መከላከያው፣ ለዴንቨር ዋሻው በአንድ ስብሰባ ጸደቁ። በስምምነት መሥራት መልካም ነው። ሆኖም ሃያ ዓመት በልመና ያልተገኘ ነገር ጎረቤት በጎርፍ ከተመታ በኋላ መገኘቱን ሳስብ ልቤን ደስ አይለውም። በሰላሙ ጊዜ ተቀምጦ መነጋገር ይቻል ነበር።

ሕጉ ዴንቨርንና ከባቡሩ ይጠቀማሉ የተባሉ አውራጃዎችን በአንድ የግብር ክልል ውስጥ አስገባ። ቦንድ ይሸጣል፣ ዋሻው ይቆፈራል፣ ባለርስቱ በየዓመቱ ይከፍላል። ይህን የተቃወሙ ባለርስቶች እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረው በ1923 ተረቱ። ሥራውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። የመጀመሪያው ግምት 6.72 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር ያዢው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ባቡሩ የሚያልፍበት ታላቁ ዋሻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው። መሐንዲሶቹ ግን እሱን ብቻ አልቆፈሩም። ከሱ 23 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ታናሽ ዋሻ አብረው ጀመሩ። ባቡር አይገባበትም፤ ሰው ቆሞ ቢሄድበት ነው። የማያውቅ ሰው ቢያየው፣ ገንዘብ ባነሰበት ሥራ ላይ ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈር እብደት ነው ይል ነበር።

አሠራሩን እንዳለ ልንገርሽ። ታናሹ ጠባብ ስለሆነ በፍጥነት ይቆፈራል፤ ስለዚህ ከታላቁ ቀድሞ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። ትንሽ በሄደ ቁጥር በጎን በኩል ወደ ታላቁ መስመር መሻገሪያ ይከፈታል። በዚያ መሻገሪያ ሠራተኞች አልፈው ይገቡና ታላቁን ዋሻ ከመሃሉ ሆነው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይቆፍሩታል። በአንድ ግንባር ፋንታ ብዙ ግንባር ተከፈተ ማለት ነው። የፈረሰው አለት የሚወጣው፣ ንጹሕ አየር የሚገባው፣ ከአለቱ የሚፈሰው ውሃ የሚወገደው በታናሹ በኩል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ወደፊት ምን ዓይነት አለት እንደሚጠብቃቸው ታናሹ አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ዘዴው አዲስ አልነበረም። በስዊዘርላንድና በጣሊያን መካከል በ1906 የተከፈተው የሲምፕሎን ዋሻ፣ ከሱም በኋላ በካናዳ ተራሮች የተሠራው የኮናት ዋሻ በእንዲህ ያለ ረዳት ጉድጓድ ነው የተቆፈሩት።

እዚህም ላይ ቆም በይ። ሞፋት ቀላሉን አስቀደመ፤ እነዚህም ቀላሉን አስቀደሙ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሞፋት የአናት መንገድ ከዋሻው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረውም። እዚያ ላይ የፈሰሰው ጉልበት ሁሉ ዋሻውን በአንድ ክንድ አላስጠጋውም። ታናሹ ዋሻ ግን እያንዳንዱ ክንድ ለታላቁ መንገድ የሚጠርግ ነበር። ስለዚህ ቀላሉን ላስቀድም ስትዪኝ የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ የምታስቀድሚው ቀላል ነገር ወደ ከባዱ ይወስድሻል ወይስ ከባዱን ያስረሳሻል?

መሐንዲሶቹ በተራራው ውስጥ ጠንካራ ግራናይት እናገኛለን ብለው ነበር ዋጋውን የገመቱት። በምሥራቅ በኩል እንዳሉት ሆነ። በምዕራብ በኩል ግን የተፈረካከሰና የላላ አለት ጠበቃቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ጣሪያውን የሚደግፉ ወፋፍራም ግንዶች በላያቸው በሚጫነው ክብደት ይሰነጠቁ ነበር። ዛሬ የቆፈሩት ነገ ይጠባል። የሥራው ዋና ኃላፊ ጆርጅ ሉዊስ ሠራተኞች ሥሩ ሆነው እየቆፈሩ ጣሪያውን የሚደግፍና ወደፊት የሚንቀሳቀስ ትልቅ የብረት አግዳሚ ፈልስፎ ሥራው ቀጠለ። በምሥራቁ በኩል ደግሞ በአለቱ ስንጥቅ ውሃ እየገነፈለ ገባ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ታናሹ ዋሻ የውሃ መሸሻ ባይሆን ኖሮ ሥራው ምን ይደርስበት እንደነበር አንቺው አስቢው።

ሐምሌ 30 ቀን 1926 ጣሪያው ተደርምሶ ስድስት ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ገደለ። ሥራው ሲያልቅ የሞቱት 28 ነበሩ። ለሠራተኞቹ በሁለቱም ጫፍ መኝታ ቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽና ሐኪም ቤት ተሠርቶላቸው እንደነበር መናገር ተገቢ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ በየሥራው የሚገኝ አልነበረም። ሆኖም ቁጥሩ ቁጥር ነው። ሃያ ስምንት ቤት ሐዘን ተቀምጧል። የግምት ስህተት በወረቀት ላይ ሲታይ የገንዘብ ስህተት ብቻ ይመስላል፤ በተራራው ውስጥ ግን የላላ አለት ሥር የቆመ ሰው አለ። ነገ አንቺም ዕቅድ ስትጽፊ፣ ግምትሽ ቢሳሳት ማን ሥሩ እንደሚቆም ስሙን ባታውቂ እንኳ አስቢለት።

የካቲት 18 ቀን 1927 ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ዋሽንግተን ሆነው ቁልፍ ተጫኑ፤ በተራራው ውስጥ የመጨረሻው ድማሚት ፈነዳና ምሥራቅና ምዕራብ ተገናኙ። ዜናው በራዲዮ ተሰማ። ያን ቀን ተራራውን በስቶ የወጣው ታናሹ ዋሻ ነበር። ታላቁ የተገናኘው በሐምሌ ነው። የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የካቲት 26 ቀን 1928 ተደረገ። ባቡሩ አሁን 730 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል አጥሮለት ያልፋል። የአናቱ መንገድ ተተወ፤ ሐዲዱም በ1936 ተነቀለ። በምዕራቡ ጫፍ የነበረው የሠራተኞች ሰፈር የዴንቨር ከተማ በ1940 የከፈተችው የዊንተር ፓርክ የበረዶ መንሸራተቻ መነሻ ሆነ። ለሞፋት መከራ የነበረው በረዶ እንጀራ ሆነ።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። 6.72 ሚሊዮን የተባለው ሥራ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ተጨማሪ ቦንድ ተሸጠ። ባቡሩ የሚከፍለው ኪራይ ብቻውን ዕዳውን ስላልሸፈነ ባለርስቱ ግብር ይከፍል ነበር። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው መቼ ይመስልሻል? በ1983። ሲወሰን አርባ ዓመት የሞላው ሰው በሕይወት ካለ ከመቶ ዓመት ያልፈዋል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ሆነ። አሳንሶ መገመት ሥራውን ያስጀምራል፤ እውነት ነው። ምናልባትም እውነተኛው ዋጋ ቢነገር ምክር ቤቱ አያጸድቀውም ነበር። ግን የሚከፍለው ሰው ሳይነገረው ቀረ፤ ይህን ነገር በሥራው ማማር መሸፈን አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ዋሻው ተከፍቶም ሐዲዱ ክሬግ ላይ የሚያበቃ መንገድ ሆኖ ስድስት ዓመት ቆየ። በ1934 ዶትሴሮ ላይ ከሌላው መስመር ጋር የሚያገናኝ 61 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ሲሠራ ነው ዴንቨር ከሶልት ሌክ ሲቲ ጋር በቀጥታ የተገናኘችው። መንገዱ በ280 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። ሞፋት ከተነሳበት 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ከባቡር ድርጅቱ ጋር በ1926 የተፈረመው የዋሻው የኪራይ ውል ደግሞ 99 ዓመት የሚቆይ ነበር። በጥር 2025 ጊዜው አለቀ። በዚህ ጊዜ የግዛቱ መንግሥት መስመሩ በእጁ ከገባው ከዩኒየን ፓሲፊክ ጋር ሲደራደር በሐዲዱ ላይ የመንገደኛ ባቡር ማሳለፍን በልዋጩ ጠየቀ። ፈራሚዎቹ ተለዋውጠው አልቀዋል፤ ፊርማው ግን መቶ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት እስኪቀረው ሰዎችን አሰረ።

የታናሹን ነገር ገና አልጨረስኩልሽም። ታላቁ ሲያልቅ ታናሹ ሥራውን ፈጽሟል፤ ሊደፈን ይችል ነበር። ግን ከቁፋሮው በፊት አስቀድመው ያሰቡለት ሰዎች ነበሩ። የኮሎራዶ ዝናብና በረዶ የሚበዛው ከተራራው በስተምዕራብ ነው፤ ሰው የሚበዛው በስተምሥራቅ ነው። በዚያ አገር የውሃ ሕግ ቀድሞ የያዘ ቀድሞ ይጠጣል። ዴንቨር ከተራራው ማዶ ባለው በፍሬዘር ወንዝ ውሃ ላይ መብቷን ያስመዘገበችው ሐምሌ 4 ቀን 1921 ነው። የዋሻው ሕግ ገና አልጸደቀም፤ አንድ አካፋ አፈር አልተነሳም። ታናሹን ዋሻ አስፍተውና ገጽታውን አስተካክለው በሰኔ 1936 የፍሬዘርን ውሃ በተራራው ሥር ወደ ምሥራቅ አሳለፉ። ውሃው ከምሥራቁ ጫፍ ወጥቶ ሳውዝ ቦልደር የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያ ወደ ከተማው። ለዓመታት የቆየው የ1930ዎቹ ድርቅ በነበረበት ጊዜ ነው የደረሰው። ዛሬ የዴንቨር የውሃ ድርጅት ለ1.5 ሚሊዮን ሰው ያህል ያጠጣል፤ ያ ጉድጓድ ከዋና ዋና መንገዶቹ አንዱ ነው። ለሌላ አገልግሎት የተቆፈረ ነገር ሥራው ሲያልቅ ምን ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ማሰብ ይህን ያህል ያስገኛል። ይህን ክፍል ሳነብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ደስታዬን ግን ሳላጎድል እዚያ ላይ ላቆምልሽ አልችልም። ውሃው ከየት መጣ? ፍሬዘር ወንዝ ላይ ከብት አርቢዎች፣ ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዓሣ ለማጥመድ ወደዚያ ሸለቆ ይሄዱ እንደነበር ይታወቃል። ከወንዙ የተፈጥሮ ውሃ ከግማሽ በላዩ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ። የቀረው ውሃ ሰፊ በሆነው ወንዝ ውስጥ ስስ ብሎ ተዘረጋ፤ በበጋ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ትራውት የሚባለው ዓሣ ይቸገራል። በሕጉ መሠረት ዴንቨር የወሰደችው መብቷን ነው። ቢሆንም ሞፋት ያስተላለፈው ዋጋ በረዶ ላይ ወደቀ፤ የዋሻው ግምት ያስተላለፈው በባለርስቱና በ28ቱ ላይ ወደቀ፤ ውሃው ያስተላለፈው ደግሞ በወንዙና በሸለቆው ሰዎች ላይ ወደቀ። አንቺም የራስሽን ዕቅድ ይዘሽ ስትቀመጪ በጠረጴዛው ዙሪያ የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

ከብዙ ክርክር በኋላ የዴንቨር የውሃ ድርጅትና የምዕራቡ አውራጃዎች በ2013 የጸና ስምምነት አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ወገን ሰዎች ወንዙን አብረው ይለካሉ፣ አብረው ይጠግናሉ። በ2017 ፍሬዘር ፍላትስ በሚባለው ቦታ ማሽን አስገብተው የወንዙን መሄጃ አጠበቡ፤ የቀረው ውሃ ጠለቅ ብሎና ቀዝቅዞ እንዲሄድ፣ ዳር ዳሩንም ዛፍ ተክለው ጥላ እንዲኖረው አደረጉ። ዛፉን ከተከሉት መካከል የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ነበሩበት። ታናሹ ዋሻ ውሃ ማሳለፍ ከጀመረ ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የተጠገነው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወንዙ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።